ሕግ የደገፈን የዶሜይን መዝጋቢ ጥሎ መውጣት ምን ያተርፋል?

ጥያቄው፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የአንድ ማኅበርን ድረ ገጽ ያስተዳድራሉ። በእጃቸው አራት የዶሜይን ስሞች፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻዎች፣ አሉ፤ ሁለት ዶት ኮም፣ አንድ ዶት ኦርግ፣ አንድ ዶት ኢቲ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያስመዘገቡበት ድርጅት፣ መዝጋቢ የሚባለው፣ በኮንግረስ የቀረበ አንድ የኢንተርኔት ሕግ ረቂቅ መደገፉን ሰምተው ተቆጥተዋል። «ስሞቼን ሁሉ ወደ ሌላ ድርጅት ባዛውር ተቃውሞዬ የሚሰማ ይመስልዎታል? በ2011 ጎዳዲ በተባለው መዝጋቢ ላይ የተደረገው አድማ የእውነት ውጤት ነበረው? ደግሞም ሳዛውር ድረ ገጹና የአባላቱ ኢሜይል ይቋረጣል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ምላሽ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም። ቅደም ተከተሉን ከጠበቁ ምንም አይቋረጥም። ተቃውሞዎ መሰማቱ ግን የሚወሰነው በማዛወርዎ ሳይሆን ከማዛወርዎ በፊት በሚያደርጉት ነው። የ2011ን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ተገልብጦ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኦክቶበር 26 ቀን 2011 የቴክሳሱ ተወካይ ላማር ስሚዝ ሶፓ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን ረቂቅ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አቀረቡ። መንትያው ፒፓ በሴናተር ፓትሪክ ሌሂ አማካይነት ለሴኔቱ ከቀረበ ወራት አልፎት ነበር። ዓላማቸው ከአሜሪካ ውጭ ተቀምጠው የተሰረቀ ፊልም፣ ሙዚቃና ሐሰተኛ ሸቀጥ የሚያሰራጩ ድረ ገጾችን መምታት ነው። በዓላማው የተጣላ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ጠቡ የመጣው ከመንገዱ ነው። መንግሥት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲያወጣ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኛቸው ወደ ድረ ገጹ እንዳይደርስ እንዲያግዱ፣ የፍለጋ ሞተሮች አድራሻውን እንዲያነሱ፣ የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶችም ገንዘቡን እንዲያቋርጡ ይገደዱ ነበር። የኢንተርኔት መሐንዲሶቹ ስቲቭ ክሮከር፣ ፖል ቪክሲ፣ ዳን ካሚንስኪና ሁለት ባልደረቦቻቸው በሜይ 2011 ስለ ፒፓ ባወጡት ጽሑፍ በዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ኮምፒውተር አድራሻ በሚተረጉመው ሥርዓት፣ በኩል ማገድ ዲኤንኤስሴክ ከሚባለው የደኅንነት ሥርዓት ጋር እንደሚጋጭ አስጠንቅቀዋል። ዲኤንኤስሴክ የተሠራው ስለ አንድ ስም የተጠየቀው መልስ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ ነው፤ ረቂቁ ደግሞ መልሱ በመንገድ ላይ እንዲለወጥ ያዝዛል። የኢንተርኔትን ውስጥ የሚያውቁ ሰዎች የተነሡት ከዚህ ወዲያ ነው።

በዲሴምበር፣ በእኛ ታኅሣሥ 2004 መሆኑ ነው፣ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ያወጣው የደጋፊዎች ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አብዛኞቹ የሚጠበቁ ነበሩ፤ የፊልም ስቱዲዮዎች፣ የሙዚቃ አሳታሚዎች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች። በመካከላቸው ግን ጎዳዲ ተገኘ። ጎዳዲ በዚያን ጊዜ ከ50 ሚሊዮን በላይ ስሞች የሚያስተዳድር፣ በዓለም ትልቁ የዶሜይን መዝጋቢ ነበር። በፊልም ስቱዲዮ የተናደደ ሰው ምን ያደርጋል? ሲኒማ ቤት መሄድ ይተው ይሆናል፤ መቅረቱን ግን የሚያይለት የለም። የጎዳዲ ደንበኞች ግን ራሳቸው የድረ ገጽ ባለቤቶች ናቸው፣ ሕጉ የሚነካውም እነሱን ነው፣ ለመውጣትም የሚያስፈልጋቸው ለአንድ ስም አሥር ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ደንበኛው በቀላሉ ሊቀጣው የሚችል ድርጅት ከጎዳዲ ሌላ እምብዛም አልነበረም።

ዲሴምበር 22 ቀን ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው አድማ ጠራ፤ ዲሴምበር 29 ሁሉም ስሙን ከጎዳዲ የሚያወጣበት ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። የዊኪፔዲያ መሥራች ጂሚ ዌልስ የዊኪፔዲያ ስሞች ከጎዳዲ እንደሚወጡ በይፋ ተናገረ። የቺዝበርገር ድረ ገጾች ባለቤት ቤን ሁ፣ ድርጅቱ አቋሙን ካልለወጠ ከ1,000 በላይ ስሞቹን ይዞ እንደሚሄድ አስታወቀ። ዲሴምበር 23 ቀን ጎዳዲ ድጋፉን አነሣ።

እነዚህን ቀናት ልብ ይበሏቸው። አድማው በተጠራ ማግስት፣ የመዛወሪያው ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ድርጅቱ እጁን ሰጠ። ጎዳዲን ያንበረከከው የተዛወረ ስም ብዛት አይደለም። በዚያ ሳምንት የወጡት ስሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከ50 ሚሊዮን አንጻር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። በእነዚያው ቀናት ወደ ጎዳዲ የገቡ ስሞችም ነበሩ፤ ይህን የአድማው ወዳጆች ሲተርኩ አይሰማም። ድርጅቱን ያስደነገጠው በይፋ የተነገረው ዛቻና ዛቻውን የሚናገሩት ሰዎች ማንነት ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ሰዎች የአንድ ስም ባለቤቶች ብቻ አልነበሩም። የመሥሪያ ቤታቸውን፣ የደንበኞቻቸውን፣ የአክስታቸውን ሱቅ ስም ሳይቀር የሚያስመዘግቡና «የት ላስመዝግብ?» ሲባሉ የሚመክሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲሄድ ጥፋቱ በዚያ ወር ሒሳብ ላይ አይታይም፤ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ግን ይታያል። ድርጅቱም ይህን ያውቃል።

የመጀመሪያው እጅ መስጠት ሙሉ አልነበረም። ድጋፍን ማንሣትና መቃወም ሁለት ነገር ነው፤ ጎዳዲ በ23ኛው ቀን ያደረገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰዎቹ አልለቀቁትም። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ግፊቱ ቀጠለ፣ ዲሴምበር 29 ላይም ድርጅቱ ሶፓን እንደሚቃወም አስታወቀ። ቀጠሮ ቀድሞ የመቁረጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለድርጅቱ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ለተቃዋሚውም መለኪያ ይሆነዋል።

በመሐሉ ገበያም ደርቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ መዝጋቢዎች በቅናሽ ዋጋ ደንበኛ ይጠሩ ጀመር። ኔምቺፕ ወደ እርሱ ለሚዛወር ለእያንዳንዱ ስም 1 ዶላር ለኢንተርኔት መብት ተሟጋቹ ለኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እለግሳለሁ አለ፣ ለገሠም። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የመብት ትግል በቅናሽ ኩፖን ታጅቦ ሲመጣ ትንሽ ፈገግ ማለት የተፈቀደ ነው። ወዲያው ኔምቺፕ «ጎዳዲ ዝውውሩን እያሰናከለ ነው» ብሎ ከሰሰ። በዚያን ጊዜ ተቀባዩ መዝጋቢ የባለቤቱን ኢሜይል ለማረጋገጥ የለቃቂውን መዝጋቢ የመረጃ ቋት ሁይዝ በተባለው የስም ባለቤቶችን መረጃ በሚያሳይ አገልግሎት መጠየቅ ነበረበት፣ ጎዳዲ ደግሞ መልሱን ሙሉ አድርጎ አልሰጠም ተባለ። ጎዳዲ የሰጠው ማብራሪያ ከአንድ ቦታ ብዙ ጥያቄ ሲጎርፍ የሚሠራ የተለመደ ገደብ መሆኑን ነው፤ ገደቡንም አነሣ። ዛሬ እንዲህ ያለው ጠብ በዚያ መልኩ አይነሣም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ደንብ በሜይ 2018 ሥራ ላይ ሲውል የባለቤቶች ኢሜይል ከአደባባይ ተሰወረ፣ ተቀባዩም ያንን ማረጋገጫ መላክ አቆመ፤ በ2025 ደግሞ ሁይዝ ራሱ ቦታውን አርዳፕ ለተባለው ተተኪው ለቀቀ።

ታዲያ አድማው ሕጉን ገደለው? አልገደለውም። ሕጉን የገደለው በማግስቱ ወር የመጣው ነው። በዲሴምበር አጋማሽ 83 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ለኮንግረስ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ጃንዋሪ 14 ቀን 2012 ኋይት ሐውስ በረቂቆቹ ላይ ያለውን ስጋት በጽሑፍ ገለጸ። ጃንዋሪ 18 ቀን የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት ጠቆረ፣ ጉግል ዓርማውን በጥቁር ሸፈነ፣ የምክር ቤት አባላት ስልክ ሲጮኽ ዋለ። ጃንዋሪ 20 ቀን የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሃሪ ሪድ የፒፓን ድምፅ አሰጣጥ አራዘሙ፣ ላማር ስሚዝም ሶፓን አቆዩት፤ ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። የጎዳዲ ነገር በዚህ ውስጥ የነበረው ድርሻ በደጋፊዎች ዝርዝር ላይ መገኘት ዋጋ እንደሚያስከፍል ለሌሎች ማሳየቱ ነው። ትንሽ ድርሻ አይደለም፤ ብቻውን ግን ሕግ አይጥልም።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ስሞች እንምጣ። ሲዛወሩ የሚለወጠው ምንድን ነው? የሚለወጠው ሂሳብ የሚልክልዎ፣ የይለፍ ቃልዎን የሚይዝ፣ በስምዎ ላይ አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው ድርጅት ነው። የማይለወጠው ከጀርባው ያለው ዋናው መዝገብ ነው። የዶት ኮም ስሞች ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ባለ መዝጋቢ ይገዙ፣ የሚገኙት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የቬሪሳይን መዝገብ ላይ ነው። ደላላ መቀየር የቤትን ካርታ ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ አያወጣውም።

ይህን የምለው ብዙ ሰዎች ተቃውሞንና መሸሸጊያን ስለሚያምታቱ ነው። «ወደ ካናዳ ወይም ወደ አይስላንድ መዝጋቢ ባዛውረው የአሜሪካ ሕግ አያገኘኝም» የሚሉ ብዙዎችን አግኝቻለሁ። በፌብሩዋሪ 2012፣ የሶፓ ነገር ገና ትኩስ ሳለ፣ ቦዶግ የተባለው የቁማር ድርጅት የዶት ኮም ስም ተወረሰ። ስሙ የተመዘገበው በካናዳ መዝጋቢ ነበር። የአሜሪካ ባለ ሥልጣናት ግን ወደ ካናዳ አልሄዱም፤ ከሜሪላንድ ፍርድ ቤት የወጣውን ትእዛዝ ለቬሪሳይን ሰጡ፣ ቬሪሳይንም ስሙን ወደ መንግሥት አዞረ። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ዊኪፔዲያ ጠቁሮ ባደረ ማግስት፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2012፣ የፋይል ማጋሪያው ድረ ገጽ ሜጋአፕሎድ ያለ ሶፓና ያለ ፒፓ፣ ቀድሞ በነበረው ሕግ ተዘግቷል። የስፔኑ ሮሃዲሬክታ የባሰ ነገር ገጥሞት ነበር፤ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ነጻ የተባለ ድረ ገጽ ሆኖ ሳለ ስሞቹ በ2011 መጀመሪያ ተወርሰው የተመለሱለት በኦገስት 2012 ነው።

ዶት ኦርግም እንዲሁ የራሱ መዝገብ ያዥ አለው፤ እርሱም አሜሪካ ውስጥ ነው። በኖቬምበር 2019 ይህ መዝገብ ኢቶስ ካፒታል ለተባለ የግል ባለሀብቶች ድርጅት በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መሆኑ ሲሰማ የዓለም በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተንጫጩ። ያኔ መዝጋቢ መቀየር ምንም አይፈይድም ነበር፤ ከየትኛውም መዝጋቢ ቢገዙ የጅምላው ክፍያ ወደዚያው መዝገብ ይሄዳልና። ሰዎቹ የተረዱት ይህንን ነው፤ ጩኸታቸውን የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ ወደሚያስተባብረው ወደ አይካንና ወደ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አዞሩ፣ አይካንም በኤፕሪል 30 ቀን 2020 ሽያጩን ከለከለ። ተቃውሞ አድራሻው ሲስት ጉልበት ብቻ ነው የሚያባክነው።

ስለ ገንዘቡም ቁርጡን ይወቁ። ለአንድ ዶት ኮም ስም በየዓመቱ ለቬሪሳይን የሚከፈል አለ፤ በሴፕቴምበር 2024 ክፍያው 10.26 ዶላር ሆኖ ነበር፤ ለአይካንም ጥቂት ሳንቲም አለ። ይህ ከየትም ቢገዙ አይቀርም። መዝጋቢው ከአንድ ስም የሚያተርፈው ከዚያ በላይ ያስከፈለዎትን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ በስም ሽያጭ ከቁጥር የሚገባ ትርፍም የለውም። ትርፉ ያለው ድረ ገጹን በሰርቨር ላይ በማስቀመጡ አገልግሎት (በሆስቲንጉ)፣ በኢሜይሉ፣ በደኅንነት የምስክር ወረቀቱ፣ በየዓመቱ ሳያስቡት በሚታደሰው ተጨማሪ አገልግሎት ሁሉ ላይ ነው። እርስዎ ሦስቱን ስሞች አውጥተው ድረ ገጹንና የአባላቱን ኢሜይል እዚያው ቢተዉ ተቃውሞዎ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ምናልባትም ለድርጅቱ ከስሙ ያለውን ጣጣ ቀነሱለት። ከደብዳቤዎ ላይ የሚጽፉት ቁጥርም የስሞቹን ክፍያ ሳይሆን በዓመት በጠቅላላ የሚከፍሉትን ይሁን።

ሌላው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄዱ ነው። ፖለቲካ የሌለው መዝጋቢ የለም። በ2011 የነጻነት ወዳጅ ተብሎ የተሞገሰው ኔምቺፕ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ከአራት ቀን በኋላ፣ ሩሲያ ለሚኖሩ ደንበኞቹ «ስሞቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» የሚል መልእክት ላከ። መጀመሪያ የሰጣቸው ጊዜ እስከ ማርች 6 ነበር፤ በኋላ እስከ ማርች 22 አራዘመው። ብዙ ሠራተኞቹ ዩክሬን ውስጥ ነበሩና ቁጣው ይገባኛል። ነገሩን የማነሣው ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ደንበኛ ድርጅትን እንደሚያሰናብት ሁሉ ድርጅትም ደንበኛን ማሰናበት እንደሚችል ለማስታወስ ነው። ስለዚህ አዲሱን ሲመርጡ በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው መፈክር ይልቅ የውል ስምምነቱን ያንብቡ። አንድ ስም ለማገድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል ወይስ የማንም ሰው የአቤቱታ ኢሜይል ይበቃዋል? ከማገዱ በፊት ለባለቤቱ ያሳውቃል? በሌሊት ችግር ቢመጣ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለው? ለማኅበርዎ ከየትኛውም የሕግ አቋም መግለጫ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው።

አሁን ስለ አሠራሩ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹ በማን ስም እንደተመዘገቡ ይመልከቱ። በውጭ አገር ባሉ የማኅበረሰባችን ድርጅቶች በተደጋጋሚ የማየው ነገር አለ፤ ስሙ የተመዘገበው ከዓመታት በፊት ድረ ገጹን በሠራው ወጣት የግል ሂሳብ ነው፣ የሚከፈለውም በአንድ የቀድሞ የኮሚቴ አባል ካርድ ነው። አገር ቤት ላሉ ድርጅቶችም በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚቸግር አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይከፍልላቸዋል፣ ስሙም በዘመዱ ይመዘገባል። እስከ ጠብ ቀን ድረስ ችግሩ አይታይም። እርስዎም እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ስሙን ወደ ማኅበሩ ይመልሱ። ይሁንና የባለቤት ስም ሲለወጥ መዝጋቢው ለ60 ቀን ዝውውር ሊከለክል ይችላል፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ከጠየቋቸው ይህን እገዳ ያነሡልዎታል፣ ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ ግን መለመን ዋጋ የለውም።

አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስምም እስከ 60 ቀን ባለበት ይቆያል። የሚያበቃበት ቀን የተቃረበ ስም ካለዎት አይቸኩሉ። ዝውውሩ ለዶት ኮምና ለዶት ኦርግ አንድ ዓመት ይጨምራል፣ የቀረዎትም ጊዜ አይጠፋም፤ በጠቅላላው ከአሥር ዓመት ማለፍ ግን አይቻልም። ወጥመዱ ያለው ስሙ ጊዜው አልፎ በራሱ ከታደሰ በኋላ ባሉት 45 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያ መሐል ካዛወሩ የታደሰው ዓመት ይሰረዝና ሁለት ጊዜ ከፍለው አንድ ዓመት ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። ጊዜው ከማለቁ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል።

ድረ ገጽና ኢሜይል የሚቋረጠው በዝውውሩ ሳይሆን በዲኤንኤሱ ነው። የስምዎን የዲኤንኤስ መዝገቦች የሚይዘውን ኔም ሰርቨር የሚያቀርበው የአሁኑ መዝጋቢ ከሆነ፣ ስሙ ሲወጣ አገልግሎቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድረ ገጹም ኢሜይሉም አብረው ይጨልማሉ። ስለዚህ ዝውውሩን ሳይነኩ አስቀድመው በአዲሱ ቦታ ዲኤንኤሱን ያዘጋጁ። አሁን ያሉትን መዝገቦች አንድ በአንድ ይቅዱ፤ የድረ ገጹን አድራሻ፣ የንዑስ ስሞችን፣ ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር፣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡትን ረጃጅም ጽሑፎች ሳይቀር። ሰው ሁሉ የድረ ገጹን አይረሳም፤ የሚረሳው እነዚህን የኢሜይል ማረጋገጫዎች ነው፣ ከሳምንት በኋላ የማኅበሩ ደብዳቤ ሁሉ በየአባሉ የቆሻሻ መልእክት ሣጥን ውስጥ ሲገኝ ምክንያቱ ይጠፋል። ቀድተው ሲጨርሱ ኔም ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ያዙሩ፣ ሁለት ቀን ይጠብቁ፣ ኢሜይል ልከውና ተቀብለው ይፈትሹ። ዝውውሩን የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዲኤንኤስሴክ ካበሩ ደግሞ ኔም ሰርቨሩን ከመንካትዎ በፊት ያጥፉት፣ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት፣ ሁሉም ሲያልቅ በአዲሱ ቦታ መልሰው ያብሩት። ይህን የዘለለ ሰው ድረ ገጹ ለእርሱ ይከፈታል፣ ለጎረቤቱ አይከፈትም፤ ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል።

የሂሳብዎ ኢሜይል ከሚያዛውሩት ስም ጋር የተያያዘ አይሁን። ስሙ ቢታገድ የማረጋገጫው መልእክት የሚመጣበት መንገድም አብሮ ይታገዳል።

የቀረው ቀላል ነው። በአሁኑ መዝጋቢ ሂሳብዎ ውስጥ የስሙን የዝውውር ቁልፍ ይክፈቱ፣ የማስተላለፊያ ኮዱን ይጠይቁ፤ ድርጅቱ በአምስት ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ግዴታ አለበት። ኮዱን ለአዲሱ ይሰጡና ይከፍላሉ። ከዚያ የድሮው «ሊሄዱ ነው፣ እርግጠኛ ነዎት?» የሚል መልእክት ይልካል። ዝም ቢሉ በአምስት ቀን ውስጥ ዝውውሩ በራሱ ያልፋል፤ ፈቃድዎን ቢገልጹ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የድሮው መዝጋቢ ሊከለክል የሚችለው በተቆጠሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ የማጭበርበር ማስረጃ፣ የባለቤትነት ክርክር፣ ያልተከፈለ የቀድሞ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝና የመሳሰሉት። «በፖለቲካ ተቆጥቶ ነው የሚሄደው» የሚል ምክንያት ደንቡ ውስጥ የለም። ቢያጉላላዎ አይካን በድረ ገጹ ላይ አቤቱታ ይቀበላል፤ ብዙውን ጊዜ አቤቱታ እንደሚያስገቡ መናገርዎ ብቻ ኮዱን ያስመጣዋል።

የዶት ኢቲ ስምዎ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። የዶት ኢቲን መዝገብ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ የአሜሪካ መዝጋቢዎ አቋምም አይነካውም፤ ባለበት ይቆይ። ስለ አገር ቤት ካነሣን ግን አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ ያሉ የኢትዮጵያውያን ድረ ገጾች ለዓመታት አገር ውስጥ ታግደው ሲቆዩ፣ በጁን 2018 ከ200 በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ አንዳቸውም የተከፈቱት መዝጋቢ በመቀየራቸው አልነበረም። እገዳው የነበረው በአገሪቱ የቴሌኮም መስመር ላይ ነው። ስሙ በአሜሪካም ይመዝገብ በጀርመን፣ መስመሩን የያዘው አካል አላሳልፍም ካለ አያልፍም። ከአባላትዎ መካከል «ብናዛውረው አገር ቤት አይዘጋብንም» ብሎ ተስፋ ያደረገ ካለ ከአሁኑ ይንገሩት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። መጀመሪያ ድርጅቱ በእርግጥ ሕጉን መደገፉን ከራሱ መግለጫ ወይም ከኮሚቴው ሰነድ አረጋግጣለሁ፤ ወሬ ከሆነ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። እውነት ከሆነ በማኅበሩ ስም ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስንት ስሞች እንዳሉን፣ በዓመት በጠቅላላ ስንት እንደምንከፍል፣ ስንት አባላት እኛን ጠይቀው ስም እንደሚያስመዘግቡ፣ ድርጅቱም አቋሙን እስከዚህ ቀን ካልለወጠ እንደምንወጣ በቀን ቆርጬ አሰፍራለሁ። ግልባጩን በአካባቢው ላሉ ሌሎች ማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች፣ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች እልካለሁ፤ አንድ ማኅበር ሦስት ስም ይዞ ቢሄድ ድርጅቱ አያስተውለውም፣ ሠላሳ ድርጅቶች በአንድ ደብዳቤ ላይ ሲፈርሙ ግን አንድ ሰው ስልክ ያነሣል። ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ለወረዳዎ የኮንግረስ ተወካይ ይሂድ፤ ድምፅ የሚሰጠው መዝጋቢው ሳይሆን እርሱ ነው፣ በ2012 ረቂቁን የጣለውም እንደ እርሱ ወዳለ ሰው ቢሮ የገባው የስልክ ብዛት ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ባሉት ሳምንታት ዲኤንኤሱን ቀድተው፣ ሆስቲንጉን መርጠው፣ የባለቤትነቱን ነገር አጣርተው ይቆዩ። ቀኑ ደርሶ መልስ ከሌለ ቃልዎን ይፈጽሙ፤ ዝቶ የሚቀር ደንበኛ ዳግም ቢጽፍ የሚያነብለት የለም። መጀመሪያ ኢሜይል የሌለበትን፣ ብዙ ሰው የማይጎበኘውን ዶት ኮም ያዛውሩና በደህና መግባቱን ይዩ። ከዚያ ሁለተኛውን። የአባላቱ ኢሜይል ያለበትን ዶት ኦርግ በመጨረሻ፣ ያውም ማኅበሩ መዋጮ በማይሰበስብበት ወር።